ሕጉ ምን ይላል? — «መድ» በተሰኘው የተማሪዎች ጨዋታ ላይ የቀረበ ሂስ

ቴያትር መድረክ፣ ተዋናይና ተመልካች ይሻል ሲባል ኖሯል። ተመልካቹ ራሱ ተዋናይ ሆኖ የታሪኩን ሂደት በእጁ የሚመራበት ሥራ ሲያጋጥም ግን ሐያሲ የለመደውን መመዘኛ እንደገና ለመመርመር ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ በተማሪዎች እጅ የተጀመረው «መድ» የተሰኘ የኮምፒዩተር ጨዋታ ከእነዚህ ሥራዎች ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው። ስሙ የቃላት ምህጻር ይሁን እንጂ ሲነበብ በእንግሊዝኛ «ጭቃ» ማለት ነው።

ሥራውን የጠነሰሰው ሮይ ትሩብሾ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ የጻፈው ከሰው አንደበት በራቀ፣ ለመሣሪያው በቀረበ ቋንቋ ነበር፤ ኋላ ግን ቢ.ሲ.ፒ.ኤል. በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ ጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኒቨርሲቲው ሲለይ ያልተቋጨውን ሥራ ለጓደኛው ለሪቻርድ ባርትል አስረከበ፤ ባርትልም ከዳር አደረሰው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሳይንቅ መቀጠሉ ብቻውን ለወጣት ባለሙያዎች ትምህርት ነው።

ቅርጹን ብንመለከት በ«መድ» ውስጥ ሥዕል የለም፤ ድምፅም የለም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። ተጫዋቹ የቆመበትን ስፍራ በጥቂት መስመሮች ያነባል፤ ወደ ሰሜን ልሂድ፣ ዕቃውን ላንሣ ብሎ አጭር ትእዛዝ ይጽፋል። በሌላ መሣሪያ ፊት የተቀመጠ ሰው በዚያው ስፍራ ከተገኘ አንዱ የሌላውን ንግግርና አድራጎት ወዲያው ያነባል። ደራሲው መቼቱን ያሰናዳል፤ ቃለ ተውኔቱን ተጫዋቾቹ ይፈጥሩታል። ይህ ቁጥብነት እንደ ድክመት ሊቆጠር አይገባም፤ መልካም ግጥም አንባቢውን እንደሚያሠራ ሁሉ የተጫዋቹን ምናብ ያሠራልና።

ይዘቱን በሚመለከት ባርትል በኋለኞቹ ዓመታት በግልጽ ተናግሯል፦ ሥራው ሰውን በትውልዱና በመደቡ በሚመዝነው የእንግሊዝ ኅብረተሰብ ላይ የተሰነዘረ ተቃውሞ ነበር። ስለዚህ በ«መድ» ዓለም ማንም የማንም ልጅ አይደለም። ሁሉም ከዜሮ ይነሣል፤ ያገኘውን ሀብት ረግረግ ውስጥ እየጣለ ነጥብ ያገኛል፤ በነጥቡም ማዕረግ ይወጣል። 102,400 ነጥብ የሞላው አስማተኛ ይባላል፤ በሌሎቹም ተጫዋቾች ላይ ሥልጣን ይሰጠዋል።

የሥራው ተቃርኖ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የትውልድን መሰላል የሰበረው እጅ የነጥብን መሰላል መልሶ አቆመ። ሌላውን ተጫዋች የገደለ ነጥብ ያገኛል፤ ሊጨዋወት ወይም አዲስ መጪን ሊረዳ የመጣ ግን በመዝገቡ ላይ ባዶ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል በዚህ ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ተጫዋቾቹ ቢተባበሩ በራሳቸው በጎ ፈቃድ እንጂ በሕጉ ማበረታቻ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ለሚመጡት ደግሞ በሩ የሚከፈተው ኮምፒዩተሩ ሥራ በሚፈታበት ሌሊት ነበር። ሌሊቱን መንቃት የሚችልና የስልክ መስመር ያለው ይወጣል፤ ማልዶ ሥራ የሚገባው ወደ ኋላ ይቀራል። በፊት ለፊት በር የተባረረው ልዩነት በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

ባርትል ይህን ጉዳይ ችላ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፦ ውጤት የሚሹ፣ ዓለሙን የሚመረምሩ፣ ከሰው ጋር ለመጨዋወት የሚመጡና ሌላውን ለማጥቃት የሚገቡ። የአንዱ ወገን መብዛትና ማነስ የሌላውንም ዕጣ እንደሚወስን አስረዳ። የገዛ ሥራውን ሐያሲ መሆን የቻለ ደራሲ ምስጋና ይገባዋል።

«መድ» በኤሴክስ ግቢ ታጥሮ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1987 በዌልስ፣ በአበሪስትዊዝ፣ «አበርመድ» የተባለው ተከታዩ ተሠራ፤ ዛሬ ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱባቸው ባለ ሥዕል ጨዋታዎችም የማዕረግ መሰላሉን ከዚያ የዘር ሐረግ ወርሰዋል። ከነጉድለቱ!

እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ ጨዋታ ለመሥራት የሚነሡ ወጣቶች ከዚህ ሥራ የሚማሩት አንድ ዐቢይ ቁም ነገር አለ። የተውኔት መልእክት በገጸ ባሕርያቱ አድራጎት ይታያል፤ የጨዋታ መልእክት ደግሞ ሕጉ በሚሸልመው አድራጎት ይታያል። በመግቢያው ላይ ስለ እኩልነት ምንም ያህል ያማረ ቃል ቢጻፍ፣ ነጥቡ የሚሰጠው ለገዳይ ከሆነ ጨዋታው የሚያስተምረው መግደልን ነው። ስለሆነም ወጣቱ ሠሪ ሥዕሉን ከማሳመሩ አስቀድሞ ሕጉ ማንን እንደሚሸልምና ማንን እንደሚረሳ ራሱን ይጠይቅ።