ተናጋሪ ያልነበረው ቋንቋ

የመማሪያ መጽሐፍ በሥነ ጽሑፍ ሒስ ሚዛን ሲመዘን እምብዛም አይታይም። ሆኖም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን ትምህርት ቤቶች የገቡት መጻሕፍት ይህ ሚዛን ይገባቸዋል። ቋንቋቸው «ወጋጎዳ» ተባለ። ስሙ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ የመጀመሪያ ፊደላት እንደ ተለቀመ ሁሉ፣ ቋንቋውም ከአራቱ ልሳናት ተውጣጥቶ በጽሕፈት ቤት የተቀመመ ነበር።

በመሠረቱ ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልተነሣም። አራቱ ልሳናት በኦሞአዊው ቤተሰብ ውስጥ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ የአንድ ቋንቋ ዘዬዎች አድርገው የመደቧቸው ሊቃውንትም አሉ። አራት ዓይነት መጽሐፍ ማሳተምም ለድሃ አገር በጀት ቀላል ሸክም አይደለም። ስሕተቱ ከዝምድናው በተወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው። ሊቁ የድምፅንና የሰዋስውን መቀራረብ ይመዝናል እንጂ፣ ሕዝብ ቋንቋዬ ብሎ የሚጠራውን አይወስንለትም።

ወላይትኛ በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ልጁ ከእናቱ የሰማውን ቃል ከመጽሐፉ ያጣው፤ መምህሩም በቤቱ የማይናገረውን እንዲያስተምር የታዘዘው። በወጋጎዳ ሙሾ ያወረደች አልቃሽ፣ ልጅ ያባበለች እናት፣ ተረት የተረተ ሽማግሌ አልነበረም። የድርሰት ሰው ቃሉን የሚቀዳው ከእነዚህ ምንጮች ነው፤ ምንጩ በሌለበት የሚቀረው የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው።

በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መምህራንም ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ወጡ፤ በ1993ም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለቁጠባ በሚል የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ባከነ፤ የጠፋው ሕይወት ግን በገንዘብ አይተመንም።

ለቁጠባ ሌላ መንገድ ነበር፦ ሥዕሉን፣ ካርታውንና የሒሳቡን መልመጃ በጋራ አዘጋጅቶ፣ ንባቡን በየቋንቋው ማጻፍ። ለዚህም የየአካባቢው መምህር፣ ገጣሚና ተረት አዋቂ አስቀድመው ሊጠየቁ በተገባ ነበር። በጀት የሚመድብ ኃላፊ ከዚህ ታሪክ ሊወስድ የሚገባው ትምህርት አጭር ነው፤ መንግሥት የመጽሐፉን ወጪ ይችላል፤ ቋንቋውን የሚሰጠው ግን ሕዝቡ ነው።