የገንዳው ወለል፦ አሸዋ ወይስ ባዶ መስታወት

ኮራልን በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለማሳደግ የተነሣ ሰው ፓምፑ ቢደክም ይቀይረዋል፣ መብራቱ ቢያንስ ይጨምርበታል፤ የወለሉ ነገር ግን ድንጋዩ ከተደረደረና ኮራሉ ድንጋዩን ይዞ ማደግ ከጀመረ በኋላ እንደ ቤት መሠረት በቀላሉ የማይነካ ስለሚሆን፣ አሸዋ ይነጠፍበት ወይስ መስታወቱ ባዶውን ይተው የሚለው ጥያቄ ውሃ ከመግባቱ በፊት መልስ ማግኘት ይኖርበታል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የውበት ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል፤ በእርግጥም ነጭ አሸዋ ዓይን ይማርካል። ዋናው ቁም ነገር ግን ዓሣው የጣለውና ሳይበላ የቀረው ሁሉ የት ያርፋል፣ ማንስ ያነሣዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የግንባታ አሸዋ ሳይሆን አራጎናይት የሚባለው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ሲሆን፣ ኮራሎች አፅማቸውን የሚሠሩበትም ይኸው ማዕድን ነው። በባሕር ውስጥ ከፊሉ የሚገኘው ፓሮትፊሽ ከሚባለው፣ የበቀቀን ምንቃር የመሰለ አፍ ካለው ዓሣ ነው፤ ይህ ዓሣ አልጌ ሲግጥ የኮራሉን ድንጋይ አብሮ እየከረከመ ይውጥና የፈጨውን አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። በቀይ ባሕርም ሆነ በሌላው ሞቃት ባሕር ይህን አሸዋ ማዕበሉ ያገላብጠዋል፣ ሞገዱ ያጥበዋል፣ በላዩ ያለው ውሃም ስፍር ቁጥር የለውም። ገንዳው ግን በጥቂት መቶ ሊትር የሚለካ በመሆኑ፣ ባሕሩ አሸዋ ስላለው ገንዳውም ሊኖረው ይገባል የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ለዓሣ መርዝ የሆነው አሞኒያ ይወጣል። ኦክስጅን የሚሹ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚቀልለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ከቆመ ግን ናይትሬቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ኦክስጅን በማይደርስበት ጥልቀት የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለመተንፈሻ ተጠቅመው የቀረውን ናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ስለሚለቁት፣ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። የጥልቅ አሸዋ ደጋፊዎች የያዙት ይህንን ነው፤ ፈረንሳዊው ዣን ዦበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአሸዋው ሥር ውሃ ብቻ ያለበት ክፍተት የሚተውበትን ዘዴ አስተዋወቀ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሜሪካዊው የባሕር እንስሳት ተመራማሪ ሮናልድ ሺሜክ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያንስ፣ በትላትልና በጥቃቅን ፍጥረታት የተሞላ ደቃቅ አሸዋ እንዲነጠፍ ይመክር ነበር።

ጉድለቱ የሚመጣው ከፎስፈረስ በኩል ነው። ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ የሚወጣበት በር አለው፤ ከምግቡ ጋር የገባው ፎስፈረስ ግን በዚያ በር ስለማያልፍ፣ ሰው በሆነ መንገድ ካላወጣው በቀር እዚያው ይቀራል። ፎስፌት ሆኖ በአራጎናይቱ ፊት ላይ ይለጠፋል፤ በውሃው ውስጥ ያለው መጠን ሲቀንስ ደግሞ አሸዋው የያዘውን መልሶ ይለቃል፤ የበዛ ፎስፌት አልጌን ይመግባል፣ የኮራሉንም አፅም ግንባታ ያጓትታል። በመሆኑም ጥልቅ ንጣፍ ለዓመታት የዋለው ውለታ ከፊሉ ብድር ነበር ማለት ይቻላል። ዕድሜው የገፋን ንጣፍ በመስታወቱ ጎን ተጠግቶ ለተመለከተ ሰው ንብርብሩ ይታየዋል፤ ላዩ ነጣ ያለና በትል መተላለፊያ የተሸነቆረ፣ ከዚያ በታች ግራጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ብረት ከሰልፋይድ ጋር የተዋሐደበት ጥቁር ዥጉርጉር ነው፤ እዚያ ላይ ጣት ቢገባ የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል።

ባዶ ወለል ከዲትሪኽ ስቱበርና ከበርሊን ባልደረቦቹ ስም ጋር የሚያያዘው ዘዴ አንዱ መልክ ነው። በዚያ ዘዴ ባክቴሪያዎቹ የሚሰፍሩት ከባሕር በወጣ፣ ሕያው ድንጋይ በሚባለው ቀዳዳማ ድንጋይ ውስጥ ሲሆን፣ ቆሻሻው ከመበስበሱ በፊት በአረፋ ማጣሪያ ይወጣል። አሸዋ ስለሌለ የውሃው ግፊት ያለ ስስት ሊጨመር ይችላል፤ ይህም ብርቱ ሞገድ ለሚወደው እንደ አክሮፖራ ላለ ኮራል ትልቅ ነገር ነው፣ በደቃቅ አሸዋ ላይ ያን ያህል ግፊት ቢለቀቅ አሸዋው ተነሥቶ ኮራሉን ይቀብረዋልና። ግፊቱ ወደ አንድ ጥግ የሰበሰበው ዝቃጭ፣ ከጠላ ጋን ግርጌ እንደሚቀር አተላ ቡናማ ሆኖ ተኝቶ ስለሚታይ፣ በቀጭን የጎማ ቱቦ ስቦ ማውጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ያልተሳበ እንደሆነ ግን ባዶ ወለል ምንም አይምርም፤ ዝቃጩን የሚበላ ትል የለ፣ የሚሸፍነው አሸዋ የለ።

ባዶው ወለል የሚያስቀረው ሌላም ነገር አለ። ቫለንሲኒያ የሚባለው ጎቢ ዓሣ አሸዋውን በአፉ ሙሉ ዘግኖ፣ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን እንስሳት አስቀርቶ አሸዋውን በስንጥቡ በኩል እያንጠረጠረ የሚኖር በመሆኑ አሸዋ በሌለበት ይከሳል፤ ሃሊኮሬስ የሚባሉት ዓሦች ሲመሽ በአሸዋ ውስጥ ተቀብረው ስለሚያድሩ በባዶ መስታወት ላይ መግቢያ ያጣሉ። ስለዚህ ወለሉን የሚወስነው በመጀመሪያ ሊገዛ የታሰበው ዓሣ መሆን ሲገባው፣ ብዙ ጀማሪ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ከሁሉም የማይመከረው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያለው መካከለኛ ንጣፍ ነው፤ እንደ ጥልቁ በአስተማማኝ ሁኔታ ናይትሬት አያስወግድም፣ እንደ ሥሡም በቱቦ አይታጠብም። ልዩ ዓላማ ለሌለው ሰው የሚሻለው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ቅንጣቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አሸዋ ነው፤ ይህም ውሃ በተቀየረ ቁጥር በየተራ አንድ አንድ ጥግ እየታጠበ ይያዛል። ድንጋዩ በአሸዋው ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በወለሉ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ሽሪምፕ ሥሩን ሲቦረቡረው ክምሩ ተንዶ መስታወቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

አሮጌ ንጣፍ አንሥቶ ወደ ባዶ ወለል መዞር የፈለገ ሰው በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ማለት የለበትም። አሸዋው ከውሃው ጋር በወፍራም ቱቦ እየተሳበ፣ አንድ ክፍል ከተነሣ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት እየተጠበቀ፣ በየመካከሉም አሞኒያውና ፎስፌቱ እየተለካ ይወጣል። ወደ ባልዲው የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ የወተት እጣቢ ይመስላል፣ ቱቦው ወደ ሥር ሲጠጋ ይጠቁራል፤ ያ ውሃ የቱንም ያህል ቢጠልል ወደ ገንዳው አይመለስም።