የሽርክና አጠባበቅ በወንድና በሴት ዘንድ፤ አንድ የተለመደ አሳብ በወላይታ ልማድ ሲመዘን

ሁለት ኩባንያዎች በሽርክና ሲሠሩ ወንዱ ሥራ አስኪያጅ ሸሪኩን በውልና በቁጥጥር ይጠብቃል፤ ሴቲቱ ግን በምክርና በመተማመን ትጠብቃለች የሚል አሳብ ስለ ንግድ አስተዳደር በሚጻፉ መጻሕፍት ዘንድ የተለመደ ሆኗል። አሳቡ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ለሴቶችም ምስጋና ይመስላል። ነገር ግን የሰውን ጠባይ ከያዘው የሥራ ድርሻ ሳይለይ የሚፈርድ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሊስ ኢግሊና ብሌር ጆንሰን በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። እነዚህ ሊቃውንት ከእነርሱ በፊት የተደረጉትን ብዙ ምርመራዎች ሰብስበው ባመዛዘኑ ጊዜ፣ ሴት ሰውን፣ ወንድ ሥራን ያስቀድማል የሚባለው ልዩነት በቤተ ሙከራ ቢታይም በእውነተኛው መሥሪያ ቤት እንዳልተገኘ ገለጡ። በሁሉም ዘንድ የታየው ልዩነት ሴቶች ይበልጥ አማክረው የሚወስኑ መሆናቸው ነው። ጥናቱ የተመሰገነ ቢሆንም የመዘነው አለቃ የበታቾቹን የሚመራበትን መንገድ ነው። ሸሪክ ግን የበታች አይደለም፤ አይታዘዝም፤ ስለዚህ አጠባበቁ ሌላ መመዘኛ ይሻል።

ይህን መመዘኛ በወላይታ እናገኘዋለን። በዚያ አገር ከብትን በሽርክና የማርባት ልማድ አለ። «ሀራ» በሚባለው ባለቤቱ ላሚቱን ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ አርቢው ወተቷንና ፍጓን ይጠቀማል፤ ላሚቱ ግን የባለቤቱ እንደ ሆነች ትኖራለች። «ኮታ» በሚባለው ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ትርፉን ይካፈላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ «የእሽሙር ማኅበር» ያለው፣ ለሦስተኛ ወገን የማይገለጥና የሕግ ሰውነት የሌለው ሽርክና፣ የኮታ የቅርብ ዘመድ ነው ለማለት ይቻላል።

ስምምነቱን የሚነጋገሩት ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ላሚቱ ወደ አርቢው ቤት ከገባች በኋላ ግን በረቱን መጥረግ፣ ወተቱን መናጥና ቅቤውን ገበያ ማውጣት በአብዛኛው የሴቲቱ ድርሻ ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይለማምና የጓሮው ልማት ሳይቀር በዚህ ሥራ ላይ ይቆማል። ወተቱ ቢቀንስ ወይም ላሚቱ ብትታመም ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እርስዋ ናት። እንግዲህ የወንዱ ጥበቃ በስምምነቱ ዕለትና በክፍያው ዕለት ሲሆን፣ የሴቲቱ ጥበቃ የየዕለት ነው።

ይህን አይቶ «ወንድ ውልን ይወዳል፣ ሴት መተማመንን ትመርጣለች» የሚል ሰው ውጤቱን ምክንያት አድርጎታል። ወንዱ በውሉ የሚጸናው ውሉ በእጁ ስለ ሆነ ነው፤ ሴቲቱ ዘወትር የምትመላለሰውና የምትጠይቀው ሌላ መቆጣጠሪያ ስላልተሰጣት ነው። የመፈረም ሥልጣን ለሌለው ሰው መተማመን ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ዳሩ ግን ሕግ በአንድ ቀን ሲታወጅ ልማድ በዝግታ ይለወጣል።

ነቀፌታው የእኛንም ሙያ ይነካል። የባህል ተመራማሪ ወደ አንድ ቤት ገብቶ አባወራውን ብቻ «ሽርክናውን የሚያስተዳድር ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ውሉን ይጽፋል፤ ጥበቃውን ግን ሳያየው ይመለሳል። የንግድ አስተዳደር ተመራማሪም የሥራ አስኪያጁን ጾታ መዝግቦ ሥልጣኑን ሳይመዘግብ ቢቀር የሚስተው በዚያው መንገድ ነው።

ስለዚህ የኩባንያዎች ሽርክና ሲጠና አስቀድመው ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ውሉን የሚፈርም ማን ነው? ዕቃውንና ሒሳቡን በየዕለቱ የሚረከብ ማን ነው? ኪሳራ ሲመጣ ከሸሪኩ ፊት የሚቆም ማን ነው? በሦስቱም እኩል ሥልጣን የያዙ ወንድና ሴት ተመዝነው ልዩነት ቢገኝ፣ ያን ጊዜ ስለ ጾታ መናገር ይገባል። በ2015 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም፣ ሰፊ ገበያም አላት፤ የቆየው የሀራና የኮታ ልማድም በአጠገቧ ነው። ይህን ምርመራ ከዚያ መጀመር ይቻላል። እስከዚያው ድረስ ግን ድርሻው ሳይታወቅ በጠባዩ ላይ መፍረድ አይገባም።