ስለ ጠመንጃ ሲጻፍ የተዘነጋው ባለ እጅ

በአገራችን ስለ ጠመንጃ የተጻፈው ሐተታ በብዛት ከጅቡቲ ወደብ ይነሣና በጌታው ትከሻ ላይ ያበቃል። ውጅግራ ስሙን ያገኘው በ1874 በፈረንጅ አቆጣጠር ከወጣው «ፉዚ ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ መሆኑን ያስረዳናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በገለምሶ አገር የአንዱ ውጅግራ ምላጭ ቢሰበር፥ ምትኩ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ማን ይጠብቅ ነበር? የሰው ተስፋ ወናፉንና መስፉን ይዞ በተቀመጠው፥ በኦሮምኛ ቱምቱ በሚባለው ብረት ሠሪ ላይ ነበር።

ጸሐፊዎቻችን ይህን ሰው የዘነጉበት ምክንያት የቆየው ንቀት ይመስለኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያሉ መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም፥ ሥራውን ሳይጽፉ ማለፍ ግን አልቀረም።

ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ በቤተ መዘክር ሲመዘገብ የፋብሪካውን ምልክትና የባለቤቱን ስም መጻፍ ብቻ አይበቃም። በሞረድ የተበጀው ምላጭ፥ ከወይራ የተጠረበው ሰደፍ፥ ስብራቱን የያዘው ጠፍርም ይመዝገብ። ከባሕር ማዶ በመጣው መሣሪያ ላይ የአገራችን ሰው ጥበብ የሚታየው በዚህ ነውና።