«አገልጋይ» ወይስ «ባሪያ»? በአንድ የላምበረት የንባብ ክበብ ላይ የቀረበ ሂስ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የዕድር ቤት ውስጥ፣ አሥራ አምስት ያህል ሆነን መጽሐፍ እናነባለን። እናነባለን ስል አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል ማለቴ ነው። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ክበቡን የጀመሩት ጡረታ የወጡ መምህር አንድ አንቀጽ ያነቡና እዚያው በቃል ወደ አማርኛ ይመልሱልናል። ከመካከላችን የኮሌጅ ተማሪዎች አሉ፤ ነቀምት ያደገ ልብስ ሰፊ አለ፤ ከመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ አለ፤ ቡና የምታፈላልን ልጅም አለች። የምንቀመጥበት አግዳሚ የለቅሶ አግዳሚ ነው፤ ከጀርባችን ድንኳንና ብረት ድስት ተከምሯል። ቦታው ለሥነ ጽሑፍ አይመችም የሚል ካለ አልስማማም።

ዓመቱን የያዝነው በጥቁር አሜሪካውያን ሥነ ጽሑፍ ነው። ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1845 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን፣ ከጄምስ ባልድዊን ድርሰቶች ጥቂቱን፣ የቶኒ ሞሪሰንን «ቢለቭድ» (1987) አነበብን። የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» (1993) በአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ተጠጋግተን አየን። (የዘመን ቁጥሩ በፈረንጅ ነው፤ የራሳችንን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ሐሳቡ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና በዋሽንግተን፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባል የመጻሕፍት ቤት አላቸው። የጥቁር ሕዝብ መጻሕፍት የሚሸጡበት፣ ጸሐፊና አንባቢ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ቤት ነው። መምህራችን «እነሱ እዚያ ካደረጉት እኛ እዚህ ምን ይከለክለናል?» አሉ። ማንም አልከለከለንም። ችግሩ የመጣው ከአንድ ቃል ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ መምህሩ ዳግላስን ሲተረጉሙ «አገልጋይ ሆኜ ተወለድኩ» ዓይነት ነገር አሉ። ቡና የምታፈላው ልጅ ስኒ እያጠበች ነበር። ቀና አለችና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አገልጋይ ከሆነ ደመወዝ ነበረው እንዴ?» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መምህሩ ሳይቆጡ «ባሪያ ማለት ነው እንጂ ልጄ፤ ቃሉ ስለሚከብድ ነው» ብለው መለሱላት። «ለማን ነው የሚከብደው?» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቴን ሰፈር ውስጥ የሚጠሯት በሱ ነው እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወደሚቀጥለው አንቀጽም ተሻገሩ። እኔን ይህን ሂስ ያስጻፈኝ ያ መሻገር ነው።

እንግዲህ ስለ ትርጉሙ ላንሳ። መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ቃሉን የሸሹት ሰው ላለማስቀየም ነው። ነገር ግን በደግነት የተተረጎመ ዳግላስ ዳግላስ አይደለም። የመጽሐፉ እምብርት ጌታው፣ ሚስቱ ልጁን ፊደል እንዳታስቆጥረው የከለከለበት ቦታ ነው። አገልጋይ ማንበብ ቢማር ማን ምን ቸገረው? ደብዳቤ ያነብላቸዋል፣ ሒሳብ ይይዝላቸዋል። ባሪያ ማንበብ ከተማረ ግን ባለቤቱ ንብረቱን አጣ ማለት ነው። ኋላም ዳግላስ ከኮቪ ጋር የተናነቀበት ቦታ አለ፤ በ«አገልጋይ» ትርጉም ስሰማው ከአሠሪው ጋር የተጣላ የቀን ሠራተኛ መሰለኝ። «ቢለቭድ»ማ ጭራሹን ይፈርሳል። ሴት ልጇን ወደዚያ ሕይወት እንዳይመልሱባት በገዛ እጇ የገደለች እናት፣ ልጇ ልትሆን የነበረው «አገልጋይ» ብቻ ከሆነ እብድ እንጂ ሌላ ምን ልትባል ነው?

በሌላ በኩል «ባሪያ» ብሎ መተርጎምም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አንዱ የተገዛ ሰው ያለበትን ሁኔታ ይናገራል፣ ሌላው በመልኩ ምክንያት የሚወረወር ስድብ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም ባንድ ከረጢት ከቶታል። ተገዝቶ የማያውቅ፣ አያቱም ቅድመ አያቱም ያልተገዙ ሰው በአፍንጫውና በቆዳው ብቻ «ባሪያ» ይባላል። ያው ቃል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የትሕትና ቃል ነው፤ «እኔ ባሪያህ» ብለን እንጸልያለን። «ገብረ» የሚል ስም ያለው ሁሉ በግዕዙ ያንኑ ይዞ ይዞራል። የሚጥል በሽታንም «ባሪያ ያዘው» የሚሉ አሉ። ጥቁርስ? ስለ ዓድዋ ስናወራ ጥቁር መሆን ኩራታችን ነው። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ግን «ደህና ልጅ ናት፣ ትንሽ ጠቆር ከማለቷ በቀር» ይባላል፣ ያውም በሹክሹክታ። ሰውን ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብሎ የሚደረድር ቋንቋ ይዘን ባልድዊንን ስናነብ፣ ጸሐፊው ስለ ሰፈራችን እንዳልተናገረ ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ አልመጣችም። ክርክሩ ግን መጣ። ትኬት ቆራጩ «የኛ እንደ አሜሪካው አልነበረም፤ እኛ ጋ ቤተሰብ ይሆኑ ነበር፣ ስም ይወጣላቸው ነበር፣ ክርስትና ይነሡ ነበር» አለ። አብዛኛው ሰው ተስማማ። በዚህ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። የሚሲሲፒ ዓይነት የጥጥ እርሻ አልነበረንም፤ የቀለሙም ድንበር እንደዚያ በሕግ አልተሰመረም። ግን «ቤተሰብ ነበሩ» ብሎ የነገረን ማነው? የቤቱ ባለቤት ነው፣ የባለቤቱ የልጅ ልጅ ነው። ዳግላስን ያነበብነው የተገዛው ሰው ራሱ ሲናገር ለመስማት ከሆነ፣ ወደ አገራችን ስንመለስ የገዢውን ምስክርነት ብቻ ሰምተን ፋይሉን የምንዘጋው በምን ሒሳብ ነው?

አንድ የክበቡ አባል «በአማርኛ እኮ ስለዚህ የተጻፈ ልብ ወለድ የለም» አለ። አለ! ያውም የመጀመሪያው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚተርከው ስለሚማረክና ስለሚሸጥ ሰው ነው። የክርስቲያኑ የጦር አለቃ በአረመኔዎች እጅ ይወድቃል፤ አንድ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ከቤቱ ሲወጣ፣ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቆ ይሸጣል። አባትና እንደ ወንድ የለበሰችው መንትያው ጦቢያ ፍለጋ ይወጣሉ። መጨረሻው የአረመኔው ንጉሥ ክርስትና መነሣትና ሠርግ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው ስለ ጦቢያ ቁንጅናና ስለ ደራሲው የቋንቋ ውበት ነው። የዋሕድ መሸጥ እንደ መንገድ ላይ አደጋ ታልፎ ነበር።

መጽሐፉን ከዳግላስ አጠገብ አድርጌ ደግሜ ሳነበው ያየሁትን ልናገር። አፈወርቅ እንባችንን ያፈስሳል፤ እንባው ግን የሚፈስሰው ላልሆነ ሰው ሆነና ነው፣ ይኸውም የመኳንንት ልጅ ስለተሸጠ። ዋሕድ ያለ ቦታው የተገኘ ዕንቁ ነው፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ታሪኩ ይቃናል። ዋሕድን የሸጠው ገበያ ግን በማግስቱም ተከፍቶ ይውል ነበር፣ ሠርገኛው ያን አያነሣም። ዳግላስ እንዲህ አላሰበም። የርሱ ክርክር እኔ በስህተት ተሸጥኩ አይደለም፤ ሰው መሸጡ ራሱ ነው የሚያስቆጣው። ደግሞ አፈወርቅ የተወለደው ዘጌ ነው፤ ስለ ዘጌ የጻፉ ተመራማሪዎች በዚያ የቡና ደን ባሮች ይሠሩ እንደነበር ይነግሩናል። ደራሲው ያወቃቸውን ሰዎች ትቶ የጦር አለቃ ልጅ ሸጠልን።

ይህን ስል መጽሐፉን ለማዋረድ አይደለም። በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድን በአማርኛ ልብ ወለድ መሐል ማስቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። አንባቢው የራሱን ልጅ በዋሕድ ቦታ አድርጎ እንዲያይ አድርጎታል፤ ይህ የልብ ወለድ ትልቁ ሥራ ነው። የጎደለው ነገር ልባችን ከራሳችን ልጅ አልፎ እንዲሄድ አለማድረጉ ነው። ክበባችን የሚከራከርበት ጉዳይ ይህ መሆን ነበረበት፤ እኛ ግን ገና ዳግላስ ላይ «አገልጋይ» እንላለን።

ዝምታው ከየት መጣ? ሁሉንም በንቀት ማሳበብ ትክክል አይሆንም። በ1923 አገራችን ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባርነት ጉዳይ እንደ እንቅፋት ተነሥቶባታል። ኋላም ፋሺስት ኢጣሊያ ሊወርረን ሲመጣ ይህንኑ ሰበብ አደረገው። ጠላት ሰበብ ያደረገውን ነገር እኛ ስናነሣ ጠላትን ያገዝን ይመስለናል፤ ይህ ፍርሃት ይገባኛል። በ1935 የሃርለም ጥቁሮች ለኢትዮጵያ አደባባይ ወጡ። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ኒውዮርክ ላይ አቋቋመ። ክሎድ ማኬይ በ1941 ስለነዚሁ ሰዎች የጻፈው ልብ ወለድ የታተመው በ2017 ነው። የዳግላስ የልጅ ልጆች በኛ ስም ሲጮኹ፣ እኛ ዘንድ ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ ገና አልወጣም ነበር፤ የወጣው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ማወቅ የሃርለሞችን ፍቅር አያሳንሰውም። እኛን ግን ባለዕዳ ያደርገናል።

ጥቁር ጸሐፊ የጥቁርን መንግሥት መንቀፍ ነውር ነው ለሚለው ደግሞ፣ ጆርጅ ስካይለር አለ። በ1931 ላይቤሪያ ድረስ ሄዶ፣ በዚያች ነጻ የጥቁር አገር ሰዎች በግዳጅ እየተጋዙ ሲሠሩ አይቶ ልብ ወለድ ጻፈበት። ይኸው ሰው ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኢትዮጵያን የሚደግፉ ተከታታይ ታሪኮችን በጋዜጣ ጻፈ። ሁለቱም ባንድ ሰው ውስጥ ይገባሉ።

የተገዛው ሰው ራሱ የጻፈው አለን ወይ? በአማርኛ ስንፈልግ የት አባታችን እናገኛለን! የፈለግነው በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ውስጥ በልጅነቱ ተነጥቆ፣ እጅ በእጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፣ በ1870 ነጻ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 አሳተመው። አስቴር ጋኖም እንደሱ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ያለፈች ናት፤ ሁለቱ ሆነው በ1894 ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ላይ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ፤ ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ያለበት። ከሕዝቧ የተነጠቀች ልጅ የሕዝቧን ተረት በቃሏ ይዛ ባሕር ዳርቻ ድረስ መጥታ አሳተመችው ማለት ነው። «ሳንኮፋ» የሚለው የአካን ቃል ተመልሰህ የተውከውን አንሣ እንደማለት ነው ብለው መምህሩ በፊልሙ ቀን አስረድተውን ነበር። ታዲያ ተመልሰን ምን አነሣን? ከሜሪላንድ የመጣውን ዳግላስን አነሣን፣ ከኢሉባቦር የመጣውን ኦነሲሞስን ረሳን። ይህ የኛ የምርጫ ጥፋት ነው፤ ዝርዝሩን ካወጡት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ልጅቱ ተመለሰች። ለምን እንደቀረች ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። ዝርዝሩ እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረብሁ። ትኬት ቆራጩ ተቃወመ፣ «ፖለቲካ ልታደርጉት ነው» አለ። ልብስ ሰፊው የአስቴርን መጽሐፍ ከተገኘ እኔ አነብላችኋለሁ፣ ወደ አማርኛም እመልሳለሁ አለ። እስካሁን አፉን ከፍቶ ስለማያውቅ ሁላችንም ዞር ብለን አየነው። መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና የዳግላስን ፎቶ ኮፒ ከመጀመሪያው ገጽ ገለጡት። እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው ንባብ ቃሉን ጠሩት፤ ሲጠሩት ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ልጅቱ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አውርዳ ቁጭ ብላ አዳመጠች።

ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርሱ የዕድሩ ሰብሳቢ እማማ በሩን ከፈቱ። ከላይ ሰፈር ሰው ሞቷል፣ አግዳሚው ይፈለጋል። ተነሥተን ተሸከምን።