በጥያቄ ውስጥ ስለ ተሸሸገ መልስ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ወጥቶ ወደ አራት ኪሎ የሚያዘግም ሰው ቀና ብሎ የምክር ቤቱን ሰዓት ማየቱ የተለመደ ነው። እኔም አንድ ቀን ይህንኑ ሳደርግ አብሮኝ ይሄድ የነበረ የዘመዴ ልጅ፥ «ጋሼ፥ እኛ አገር ስለ መብራት ኃይል ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠይቆ ያውቃል?» አለኝ። አያውቅም አልሁት። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ሲመረቅ አልተጠየቀም። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ሲገደብም፥ የኦሞ ጎርፍ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥበት የሚያርሱት ሰዎች ይሁን ወይም አይሁን ብለው ድምፅ አልሰጡም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የኅዳሴ ግድብም ቦንድ ገዛን፥ ከደመወዛችን አዋጣን እንጂ በሣጥን ውስጥ ወረቀት አልጣልንም። ሕዝበ ውሳኔን የምናውቀው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ እንደ ተደረገው ስለ ክልልነት ሲሆን ነው። ልጁም ይህን ሰምቶ፥ «የሚጠየቁትስ ምንኛ የታደሉ ናቸው!» አለ።

እኔ ግን መጠየቅ ብቻውን መታደል መሆኑን እጠራጠራለሁ። ይህንንም ለማስረዳት በአሪዞና የሆነውን እተርካለሁ።

አሪዞና ፀሐይ የማይታጣበት የአሜሪካ በረሓ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 በኖቬምበር 6፥ ለአገሩ ሕዝብ 127 የሚል ቍጥር የተሰጠው ሐሳብ ቀረበለት። ሐሳቡም የመንግሥት ያልሆኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች እስከ 2030 ድረስ ከሚሸጡት ኃይል 50 በመቶውን ከፀሐይ፥ ከነፋስና ይህን ከመሰለው ከማያልቅ ምንጭ እንዲያገኙ በሕገ መንግሥት የሚያስገድድ ነበር። ቀድሞ የነበረው ደንብ እስከ 2025 ድረስ 15 በመቶ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ከሩቅ ሆኖ የሚሰማ ሰው፥ ይህን የመሰለ ፀሐይ ያለው ሕዝብ እንዴት እንቢ ይላል ብሎ ይገምታል። ነገር ግን ድምፅ ከሰጡት ከመቶው ስልሳ ዘጠኝ የሚሆኑት እንቢ አሉ።

እንቢ ያሉትን ሁሉ ሞኞች ናቸው አልልም። በሕገ መንግሥት የገባ ቍጥር ነገሩ ሲለወጥ በቀላሉ አይነቀልም። በፊኒክስ አቅራቢያ ያለው ፓሎ ቬርዴ የሚባለው ታላቅ የኑክሌር ጣቢያ የሚሰጠው ኃይል ከ50ው አይቈጠርም ነበር። ለሐሳቡም ገንዘብ ካፈሰሱት ዋነኛው ቶም ስታየር የሚባል የካሊፎርኒያ ባለጸጋ ስለ ነበረ፥ «የሩቅ ሰው ስለ ቤታችን ምን አገባው?» የሚል ብዙ ነበር። ይህን አስቦ እንቢ ያለ ሰው ነውር የለበትም። አሪዞና ፐብሊክ ሰርቪስ የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለቤትም ሐሳቡን ለማክሸፍ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ የመብራት ሒሳባችሁ በእጅጉ ይጨምራል እያለም አስወራ። ደጋፊዎቹም በበኩላቸው ከ20 ሚሊዮን በላይ አወጡ። ገበያ ነውና ሁለቱም ጮኹ።

እኔ የምነቅፈው ጩኸቱን አይደለም። የምነቅፈው በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የተጻፈውን አንዲት ሐረግ ነው። ይህ ወረቀት የደጋፊም የተቃዋሚም ሳይሆን ለሁሉ እኩል የሚናገር መሆን የነበረበት ነው። ነገር ግን የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በመግለጫው ውስጥ «ተጠቃሚው የሚከፍለው ዋጋ ምንም ይሁን ምን» የሚል ሐረግ አስገባበት። እንግዲህ አስተውል። አንድ ሽማግሌ ለልጅ አባት፥ «ምንም ድሃ ቢሆን ልጅህን ትሰጠዋለህን?» ብሎ ቢጠይቅ የሄደው ሊያጭ ነው ወይስ ሊያስከለክል? ልጁ በእርግጥ ድሃ ሊሆን ይችላል። ድህነቱን እውነት ነው ብለን ሽማግሌውን ነጻ እናወጣዋለን?

ሐረጉ ሐሰት አይደለም የሚል አይጠፋም። ቢሆንም ሚዛን ሁለት እጅ አለው። ዋጋውን በአንዱ እጅ ያስቀመጠ ሰው በሌላው እጅ «ጢሱ ምንም ይሁን ምን» ብሎ አልጻፈም። በዚሁ ዕለት በጎረቤቲቱ በኔቫዳ ያው ቍጥር፥ 50 በመቶ እስከ 2030፥ ቀርቦ ከመቶው ሃምሳ ዘጠኙ ተቀበሉት። በዚያ ትልቁ የኤሌክትሪክ ኩባንያ አልተቃወመም ነበር። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣችው ያች ሐረግ ብቻ ናት ብዬ አልፈርድም፤ ብዙ ነገር ነው። ነገር ግን ከብዙው ነገር መካከል ገንዘብ የከፈለው ወገን ይጩህ፥ ዳኛው ግን ለምን ይጩህ?

የሚያስቀው ደግሞ የኋላው ነው። ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይሞላ፥ በጥር ወር 2012 ዓ.ም.፥ ያው ኩባንያ በራሱ ፈቃድ እስከ 2030 ድረስ 45 በመቶውን ከማያልቅ ምንጭ አደርጋለሁ ብሎ አስታወቀ! ኋላ ደግሞ ቃሉን አላላው። ከ45 እስከ 50 ያለው አምስት ብቻ ነው። ኩባንያው ያን ያህል የተጣላው ከፀሐይ ጋር ሳይሆን ከመታዘዝ ጋር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ በፈቃድ የገባ ቃል ሲከብድ ይላላል፥ የታዘዘ ግን አይላላም።

እዚህ ላይ ብዕሬን ባኖር ጥሩ ዳኛ መስዬ በቀረሁ ነበር። ነገር ግን ያንኑ ሐረግ እኔም ጽፌዋለሁ።

በሥላሴ አካባቢ የነበረው ዕድራችን ጸሐፊ ነበርሁ። መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋ ነበርና፥ ለቀስተኛ በድንኳን ውስጥ በጨለማ ይቀመጥ ነበር፤ ሽማግሌዎችም በገመድ እየተሰናከሉ ይወድቁ ነበር። አንድ ወጣት አባል ሶላር ከነባትሪው ዕድሩ ይግዛ የሚል ሐሳብ አመጣ። እኔ መዋጮ ይጨምራል ብዬ ፈራሁ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን ልጁ አስቀድሞ ሳያማክረኝ በጉባኤ መካከል መነሣቱ ነበር፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጥያቄውን አርቅቆ የማንበብ ሥራ የእኔ ነበርና ተነሥቼ፥ «ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን ሶላር ይገዛ የምትሉ እጃችሁን አንሡ» አልሁ። ስድስት እጅ ተነሣ። ከእነዚያም አንዱ የራሱ የልጁ ነበር። በኪሱ ከሦስት ሱቅ የጠየቀውን ዋጋ የጻፈበት ወረቀት ነበረው፤ አንብብ ያለው አልነበረም። ከጉባኤ በኋላ ወረቀቱን በትሕትና ሰጠኝና፥ «ለሌላ ጊዜ ይሁን ጋሼ» ብሎኝ ሄደ። ቤቴ ገብቼ ሳየው ለአንድ አባል የሚደርሰው ከሁለት ወር መዋጮ ያነሰ ነበር።

ሌላ ጊዜ አልመጣም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ ቤቱ ሲፈርስ አባሎቻችን ወደየዳር ከተማው ተበተኑ፤ ዕድሩም ቀረ። ልጁም ወዴት እንደ ገባ አላውቅም። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ግን ከእኔ ዘንድ ነው፤ ያ የዋጋ ወረቀት በመካከሉ እንደ ታጠፈ አለ፥ ከጐኑም በእጄ የተጻፈው ጥያቄ።