ስድስት ኪሎ በእጅ ስልክ

ማታ ሲግናል ሰፈር የታክሲ ሰልፉ ሲቀልል፣ ስልኬን ከፍቼ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመመረቂያ ጽሑፎች ድረ ገጽ ማሰስ እወዳለሁ። ከፊቴ የተዘረጋው እንጦጦ ነውና አንድ ቀን ስሙን ጽፌ ፈለግሁ። ስለ ባሕር ዛፉ፣ እንጨት ተሸክመው ቁልቁለቱን ስለሚወርዱት ሴቶች ተማሪዎች የደከሙባቸው ጥናቶች ተከታትለው መጡ። በየቀኑ የማየውን ተራራ እንደ አዲስ አየሁት።

ድሮ እንዲህ ያለውን ጥራዝ ለማንበብ ስድስት ኪሎ ሄዶ፣ የዩኒቨርሲቲው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ የሚፈልጉትን በእጅ መገልበጥ ነበር። ከደሴ ወይም ከጎንደር የሚመጣ ሰው ደግሞ የአውቶቡስና የአልቤርጎ ወጪ ነበረበት። አሁን በድረ ገጹ ለማንበብ ክፍያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል፤ ተገቢ ነው፣ የከፈለው ሕዝቡ ነውና።

ኮተቤ ለሚያስተምር መምህር ትልቁ ሀብት በአማርኛ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ቋንቋ ማስተማር የተጻፉት ጥናቶች ናቸው፤ ከውጭ መጽሐፍ የማይገኝ ምሳሌ በውስጣቸው ሞልቷል። በታይፕ ተመትተው ስካን የተደረጉት የቆዩ ጽሑፎች ደብዘዝ ይላሉ፣ ቃል መፈለግም አይቻልባቸውም፤ ቢሆንም ገጽ በገጽ አነባቸዋለሁ።

እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከምስጋናው ገጽ ነው። አማካሪው ይመሰገናል፣ መጠይቁን የሞሉት ይመሰገናሉ፣ ከዚያ እናት ትመጣለች።